ኩፖንና ቅናሽ፤ የቤት ወጪን በጥበብ ስለ መያዝ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን፡፡

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ሆይ፤ የዛሬው ትምህርታችን ለመንፈሳዊ ጽሑፍ የማይገባ የገበያ ወሬ መስሎ ይታያችሁ ይሆናል፡፡ ነገር ግን ጌታችን በአምስት እንጀራ ብዙ ሕዝብ ከመገበ በኋላ የተረፈው ሁሉ እንዳይባክን እንዲሰበሰብ ደቀ መዛሙርቱን ማዘዙን በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 6 እናነባለን፡፡ ማብዛት የሚችል አምላክ ትራፊ እንዲሰበሰብ ካዘዘ፣ በደመወዝ የምንተዳደር እኛማ የቤታችንን ወጪ እንዴት መያዝ እንዳለብን ልንማር ይገባናል፡፡

ብዙዎቹ ወላጆቻችን ኩፖን ሲባል የሚያስታውሱት በደርግ ዘመን ከቀበሌ ሱቅ ስኳርና ሳሙና ይገዛበት የነበረውን ወረቀት ነው፡፡ ያ ኩፖን በዕቃ እጥረት ጊዜ ጥቂቱን ለሁሉም ለማዳረስ የወጣ ነበር፡፡ ዛሬ በምንኖርበት በአሜሪካ አገር ያለው ኩፖን ግን የሚወጣው ዕቃ ስለ በዛ ገዢ ለመሳብ ነው፡፡ የኮካ ኮላ ሻጮች በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ አንድ ብርጭቆ በነፃ የሚያስጠጣ ወረቀት ያድሉ የነበረው ሰውን ከመጠጡ ጋር ለማላመድ ነው፡፡ ስለዚህ ኩፖን የሻጭ መሣሪያ መሆኑን አውቀን፣ ለቤታችን ጥቅም እንዲውል አሠራሩን እንመርምር፡፡

1ኛ/ ስለ ኩፖን ዓይነቶች፡፡ ኩፖን በሁለት ይከፈላል፡፡ አንዱ ዕቃውን የሠራው ፋብሪካ የሚያወጣው ነው፤ ሱቁ ለእኛ የቀነሰውን ገንዘብ ኋላ ከፋብሪካው ይቀበላል፡፡ ሁለተኛው ሱቁ ራሱ የሚያወጣው ነው፡፡ አንዳንድ ሱቆች በአንድ ዕቃ ላይ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀበላሉ፤ ስለዚህ የሱቁን ደንብ መጠየቅ ይጠቅማል፡፡ እንዲሁም በቅናሽ የቀረበው ዕቃ ካለቀ፣ ዕቃው ሲመጣ በዚያው ዋጋ የሚገዛበትን ወረቀት የሚሰጡ ሱቆች ስላሉ መጠየቅ አያሳፍርም፡፡

2ኛ/ ስለ ስሌት፡፡ በብዙ ሱቆች መደርደሪያው ላይ ከዋጋው ጎን በትንንሽ ፊደል የአንዱ ፓውንድ ዋጋ ይጻፋል፡፡ ዓይናችን ማረፍ ያለበት እዚያ ላይ ነው፡፡ ለምሳሌ 2 ፓውንድ ምስር 3 ዶላር ከ20 ሳንቲም ቢሆን ፓውንዱ 1 ዶላር ከ60 ነው፡፡ 5 ፓውንዱ በ7 ዶላር ቢሸጥ ፓውንዱ 1 ዶላር ከ40 ስለሚሆን ትልቁ ይረክሳል፡፡ የ50 ሳንቲም ኩፖን ካለን ግን ትንሹ 2 ዶላር ከ70 ይሆንና ፓውንዱ ወደ 1 ዶላር ከ35 ይወርዳል፤ አሁን የረከሰው ትንሹ ነው፡፡ በሌላ በኩል ስመ ጥር የሆነው ዘይት በኩፖን ተቀንሶም የሱቁ ስም ካለበት ዘይት የሚወደድበት ጊዜ አለ፡፡ ስለዚህ ሳናሰላ በኩፖኑ ብቻ አንታለል፡፡

3ኛ/ ስለ ወቅት፡፡ የሱቆቹ የበዓል ቀን መቁጠሪያና የቤተ ክርስቲያናችን አጽዋማት አይገጥሙም፡፡ ቅቤ ብዙውን ጊዜ በኖቬምበርና በዲሴምበር ይረክሳል፤ እኛ ግን ከኅዳር 15 ጀምሮ በጾመ ነቢያት ላይ ነን፡፡ ይህ ጉዳት አይደለም፡፡ ጨው የሌለበትን ቅቤ በቅናሹ ገዝቶ ፍሪዘር ውስጥ ያኖረ ሰው ለገና አንጥሮ ይደርስበታል፡፡ ዕንቁላል ግን እንደ ቅቤ አይቆይም፤ በፍሪጅ ከሦስት እስከ አምስት ሳምንት ነው፡፡ በ2025 (እ.ኤ.አ.) የእኛና የምዕራባውያን ፋሲካ በአንድ ቀን ስለ ዋለ ለነርሱ በዓል የወጣው ቅናሽ ለእኛም አገልግሏል፡፡ በ2024 ግን በመካከላቸው አምስት ሳምንት ስለ ነበረ፣ አስቀድሞ የገዛ ሰው ዕንቁላሉ እንዳይበላሽበት መስጋት ነበረበት፡፡ ምስር፣ ሽሮና ሩዝ ቶሎ ስለማይበላሹ ሲረክሱ ለጾም ወራት ቢቀመጡ መልካም ነው፡፡

4ኛ/ ስለ ታማኝነት፡፡ ኩፖን በማባዣ አባዝቶ መጠቀም ወይም ለአንዱ ዕቃ የወጣውን ለሌላው ማሳለፍ ብልጠት ሳይሆን ስርቆት ነው፡፡ ፋብሪካው አልከፍልም ሲል ጉዳቱ በሱቁ ላይ ይወድቃል፡፡ ለሌላው ሳያስቡ መደርደሪያውን ጠርጎ መውሰድም ስግብግብነት ነው፡፡

5ኛ/ እናቶቻችንን ስለ መርዳት፡፡ ዛሬ ብዙው ኩፖን ከጋዜጣ ወደ ስልክ ተዛውሯል፡፡ በመደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዝቅተኛ ዋጋ አስቀድሞ በስልኩ ኩፖኑን ለመረጠ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ፡፡ እንግሊዝኛ ማንበብ የሚያስቸግራቸው ወይም ዘመናዊ ስልክ የሌላቸው እናቶችና አባቶች ያንኑ ዕቃ በሙሉ ዋጋ ይከፍላሉ፡፡ ቅናሹ ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ቅናሹን ሲያጣ እኛ ዝም ልንል አይገባንም፡፡ ከቅዳሴ በኋላ ግማሽ ሰዓት ተቀምጠን የአንዲት እናትን ስልክ ብናስተካክል፣ ወይም አብረናቸው ገበያ ብንወጣ፣ ይህም አገልግሎት ነው፡፡ ሱቁ በዚህ መንገድ የምንገዛውን ሁሉ እንደሚመዘግብ ግን አስቀድመን ልንነግራቸው ይገባል፡፡

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር እንናገር፡፡ ደረሰኙ ግርጌ ላይ «ይህን ያህል አተረፉ» የሚል ቁጥር ይታተማል፡፡ ያ ቁጥር ልንገዛ ያላሰብነውን ዕቃ ቅናሽም ጨምሮ ይቈጥራል፡፡ በ60 ዶላር ሊገዛ ወጥቶ 90 ዶላር የከፈለ ሰው ደረሰኙ 12 ዶላር አተረፍህ ቢለውም 30 ዶላር ከዕቅዱ በላይ አውጥቷል፡፡ ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ወጪውን እንዲቈጥር በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 እንደ ተማርን፣ እኛም ዝርዝራችንን ከቤት ጽፈን እንውጣ፤ ኩፖኑ ዝርዝሩን ይከተል እንጂ ዝርዝሩ ኩፖኑን አይከተል፡፡ በዝርዝራችን ካለው ዕቃ በእውነት የተረፈውን፣ 3 ዶላርም ቢሆን፣ በዚያው ቀን ለብቻው እናስቀምጥ፡፡ ለብቻው ካልተቀመጠ የት እንደ ገባ ሳይታወቅ ያልቃል፡፡ የተቀመጠው ግን ለአሥራት፣ ለተቸገረ ወገን፣ አገር ቤት ላሉ ዘመዶቻችንም ይደርሳል፡፡ ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፡፡

የመወያያ ጥያቄዎች
ሀ/ ባለፈው ወር ቤታችን ከገባው ዕቃ በቅናሽ ስለ ተገኘ ብቻ የተገዛው የትኛው ነው?
ለ/ ለሚቀጥለው ጾም ከወዲሁ ተገዝቶ ሊቀመጥ የሚችለው ምንድን ነው?
ሐ/ በአጥቢያችን በዚህ ነገር ልንረዳቸው የሚገባን እናቶችና አባቶች እነማን ናቸው? ማንስ ይሄድላቸዋል?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡