ካሜራው ያላየውን መመስከር

ስለ ዘር ማጥፋት የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩ ሲቀመጡ፣ ፊልሙ ግድያው ሲፈጸም ያሳየኛል ብለው መጠበቅዎ አይቀርም። ዘጋቢ ፊልም የምንለው በእውን የሆነን ነገር ከነባለቤቶቹ የሚያቀርብ ፊልም በመሆኑ ግምትዎ ተገቢ ነው። ሆኖም ከእነዚህ ፊልሞች መካከል ስመ ጥሮቹን ቢመለከቱ በአብዛኞቹ ውስጥ ግድያው አይታይም። የሚታዩት አዛውንቶች፣ ባዶ ሜዳዎች፣ የባቡር ሐዲዶችና የቢሮ ወረቀቶች ናቸው። ለምን እንዲህ እንደሆነ ሲረዱ ፊልሞቹን የማንበቢያው መንገድ ይከፈትልዎታል።

ከወንጀሉ ትርጉም እንነሣ። በ1948 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው ስምምነት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዘር ማጥፋትን የሚገልጸው አንድን የብሔር፣ የጎሣ፣ የዘር ወይም የሃይማኖት ቡድን በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ታስቦ የተፈጸመ ድርጊት በማለት ነው። ኢትዮጵያም ስምምነቱን በ1949 በማጽደቅ ከቀዳሚዎቹ አገሮች ተርታ ተሰልፋለች። ትርጉሙ ሁለት ክፍል እንዳለው ልብ ይበሉ፤ አንዱ ድርጊቱ ነው፣ ሌላው ከድርጊቱ በስተጀርባ ያለው የማጥፋት ሐሳብ። ድርጊቱን ገዳዮቹ ይደብቁታል፤ ሐሳቡ ደግሞ ከመነሻውም በዓይን አይታይም። የአስከሬን ክምር የሚያሳይ ምስል፣ ሰዎቹ የሞቱት በወረርሽኝ ይሁን በጦርነት ወይም በታቀደ ጭፍጨፋ ብቻውን አይናገርም። ስለዚህ ፊልም ሠሪው የተደበቀውንም የማይታየውንም የማሳየት ዕዳ አለበት።

መጀመሪያ ከግድያው በኋላ የደረሰውን ካሜራ እንውሰድ። በኤፕሪል 1945 የእንግሊዝ ጦር በጀርመን የሚገኘውን የናዚዎች ማጎሪያ ካምፕ በርገን-በልዘንን ሲይዝ፣ የጦሩ ካሜራ ባለሙያዎች ሳይቀበሩ የቀሩ በሺዎች የሚቆጠሩ አስከሬኖችን ቀረጹ። ከቀረጻው ፊልም እንዲያዘጋጅ ኃላፊነት የተሰጠው ሲድኒ በርንስታይን ተመልካቹ አላምንም ይላል ብሎ ሰጋ። ስጋቱ ምክንያት ነበረው። ፊልም የሚሠራው ለየብቻ የተቀረጹ ምስሎችን ቆርጦ በመቀጣጠል ነው፤ ይህ ሥራ ቅንብር ወይም ኤዲቲንግ ይባላል። የአስከሬኖቹ የጅምላ መቃብር በአንድ ቀረጻ፣ እንዲያዩ የተጠሩት የአካባቢው ሹማምንት በሌላ ቀረጻ ቢታዩ፣ ሁለቱ በአንድ ቦታ እንደነበሩ በምን ይታወቃል? በአማካሪነት የተጠራው ዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክ የመከረው፣ ካሜራው ሳይቆረጥ ከሰዎቹ ወደ ጉድጓዱ እየዞረ የሚሄድባቸው ረዣዥም ቀረጻዎች እንዲመረጡ ነበር። ይህ ፊልም ሳያልቅ ቀርቶ ተሟልቶ ለሕዝብ የቀረበው በ2014 ነው። በኖቬምበር 29 ቀን 1945 የናዚ መሪዎች በተዳኙበት በኑረምበርግ ችሎት የታየው ሌላ ፊልም ግን፣ በምስሎቹ ላይ ምንም ለውጥ እንዳልተደረገ በሚገልጽ ቃለ መሐላ ይጀምራል። ገና ከመነሻው ፊልሞቹ ሬሳውን ከማሳየት ባሻገር ምስሉ እንዴት እንደተገኘም ማስረዳት እንደነበረባቸው ያስተውሉ።

ይሁን እንጂ ዘግይቶ የደረሰው ካሜራ የሚያየው የተረፈውን ብቻ ነው። በበርገን-በልዘን ከሞቱት እስረኞች አብዛኞቹ ያለቁት በረሃብና በታይፈስ ነው። ከ800,000 በላይ ሰዎች፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም አይሁዶች፣ የተገደሉበትን የፖላንዱን ትሬብሊንካ ግን ናዚዎች በ1943 አፍርሰው መሬቱን አርሰውታል። ጭፍጨፋው ይበልጥ በተሟላበት ቦታ የቀረው ምልክት ይበልጥ ትንሽ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ግድያው ሳይጀመር ወይም እየተካሄደ ሳለ የቀረጸ ካሜራ አልነበረም? ነበረ፤ ግን ብዙውን ጊዜ የያዙት ገዳዮቹ ናቸው። በሜይ 1942 የናዚ ቀራጮች አይሁዶች ታጉረው ወደነበሩበት ወደ ዋርሶው ጌቶ ገብተው ለፕሮፓጋንዳ የሚሆን ፊልም ቀረጹ። የጌቶውን ነዋሪዎች ወደ ትሬብሊንካ ማጓጓዝ ሊጀመር ሁለት ወር ገደማ ብቻ ቀርቶት ነበር። ፊልሙ ሳይጠናቀቅ ቀረ፤ ከጦርነቱ በኋላ ከቤተ መዛግብት ሲወጣ ግን ብዙ ፊልም ሠሪዎች እንደ ተራ ማስረጃ ተጠቀሙበት። በ1998 አንድ ተጨማሪ ጥቅል ተገኘ። በዚህ ጥቅል ውስጥ ያው ትዕይንት ተደጋግሞ ይቀረጻል፤ ሰዎቹ በታዘዙት መሠረት ተመልሰው ያንኑ ያደርጋሉ። እስራኤላዊቷ ያኤል ሄርሶንስኪ በ2010 ባወጣችው «ያላለቀ ፊልም» ይህን ድግግሞሽ ሳትቆርጥ ታሳያለች፤ በጌቶው ውስጥ በዚያው ሰሞን የተጻፉ የዕለት ማስታወሻዎችን ታስነብባለች፤ ከዚያ የተረፉ ሰዎችንም ቀረጻውን እያዩ እንዲናገሩ ታደርጋለች። በቀረጻው ውስጥ ጎዳና ላይ ወድቆ የሚታየው ረሀብተኛ እውነት ነው፤ የተዋበው የእራት ግብዣ ግን በትእዛዝ የተሰናዳ ነው። ሁለቱን የሚለይልን ምስሉ ራሱ ሳይሆን በዙሪያው የተሰበሰበው የሰው ቃል ነው።

ፊልም ሠሪው ክሎድ ላንዝማን በሰው ቃል የመተማመንን ሐሳብ እስከ መጨረሻው ወሰደው። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶበት በ1985 ያወጣው «ሾአ» ከዘጠኝ ሰዓት በላይ ይረዝማል፤ ከዘመኑ የተረፈ አንድም የማኅደር ቀረጻ የለበትም። ያለው ምስክርና ቦታ ብቻ ነው። እዚህ ላይ የአሠራሩን ምክንያት ለማየት አንድ ትዕይንት በቂ ነው። አብርሃም ቦምባ በትሬብሊንካ ወደ ጋዝ ክፍል የሚገቡ ሴቶችን ፀጉር እንዲቆርጥ የተገደደ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ላንዝማን በእስራኤል ፀጉር ቤት ተከራይቶ፣ ቦምባ የአንድን ሰው ፀጉር እየቆረጠ እንዲናገር አደረገ። መቀሱ እጁ ላይ ሳለ ሲናገር ትረካው መጀመሪያ እንደ ዘገባ ይፈስሳል፤ ስለ አንድ የሙያ ባልደረባው ሚስትና እህት ሲደርስ ግን ድምፁ ይቆማል። እጅ የለመደው ሥራ አንደበት የሸሸውን ትዝታ ይጎትታል። ላንዝማን እንዲቀጥል ይለምነዋል፣ ይገፋፋዋልም። ይህን ማድረግ ተገቢ ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ እርስዎም ሲያዩት የራስዎን ፍርድ ይስጡ።

ያ ምስክርነት ስለ ድርጊቱ ነው። የማጥፋት ሐሳቡስ? በዚሁ ፊልም የታሪክ ተመራማሪው ራውል ሂልበርግ አንድ የጀርመን ባቡር መሥሪያ ቤት ወረቀት ይዞ ይተነትናል። ወረቀቱ ተራ የጉዞ ሰሌዳ ይመስላል፤ ጣቢያ፣ ሰዓት፣ የፉርጎ ብዛት። ነገር ግን ባቡሩ ወደ ትሬብሊንካ ሰው ጭኖ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ ደጋግሞም እንዲሁ። ግደሉ የሚል ቃል በወረቀቱ ላይ የለም። ያም ሆኖ ይህን ሁሉ ሰው ወደ አንዲት ትንሽ ጣቢያ አጓጉዞ ባዶ የሚመለስ ባቡር ያለ ዕቅድ አይሰማራም። የማይታየው ሐሳብ በቢሮ ሥራው ሥርዓት ውስጥ ተገልጦ ይነበባል።

የካምቦዲያው ሪቲ ፓን ደግሞ ወደ ፈጻሚዎቹ ዞረ። ክመር ሩዥ የተባለው ቡድን አገሪቱን በገዛባቸው ከ1975 እስከ 1979 ባሉት ዓመታት ወላጆቹን በሞት ያጣ ሰው ነው። በዋና ከተማዋ በፕኖም ፔን ከ12,000 በላይ እስረኞች ያለፉበትና በጣት የሚቆጠሩ ብቻ የተረፉበት፣ ኤስ-21 የተባለ እስር ቤት ነበር። ፓን በ2003 ባወጣው ፊልም የቀድሞ ጠባቂዎችን ወደዚያው ሕንጻ መለሳቸው። በቃል ሲጠየቁ ታዘን ነው ይላሉ። አንዱ ጠባቂ ባዶው ክፍል ውስጥ የዕለት ሥራውን እንዲያሳይ ሲጠየቅ ግን ሰውነቱ ሳያመነታ ይሠራዋል፤ በር ይከፍታል፣ በሌሉ እስረኞች ላይ ይጮኻል፣ ሰንሰለታቸውን ይፈትሻል። በሕይወት የተረፈው ሠዓሊ ቫን ናትም በፊልሙ ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይጠይቃቸዋል። ፓን በ2013 በሠራው ሌላ ፊልም ደግሞ ማንም ያልቀረጸውን የገዛ ቤተሰቡን መከራ በሸክላ ምስሎች አሳየ። የሸክላ ምስል ማንንም አያታልልም፤ እዚህ ቦታ ቀረጻ የለም ብሎ በግልጽ ይናገራልና።

ካሜራ በቦታው ሲገኝም ጥያቄው አያልቅም። በኤፕሪል 1994 እንግሊዛዊው የካሜራ ባለሙያ ኒክ ሂውዝ በሩዋንዳ ዋና ከተማ በኪጋሊ ከአንድ ሕንጻ ላይ ሆኖ ሰዎች መንገድ ዳር ሲገደሉ ቀርጿል። ከመቶ ቀን ገደማ የሩዋንዳ ጭፍጨፋ ውስጥ ግድያውን በቀጥታ ከሚያሳዩ እጅግ ጥቂት ቀረጻዎች አንዱ ነው። ምስሉ ከሩቅ የተወሰደ በመሆኑ ገዳዩ ማን እንደሆነ፣ ማን እንዳዘዘው አይነግርም። ሂውዝ ራሱ ጭፍጨፋውን እንዲዳኝ በታንዛኒያዋ አሩሻ በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ችሎት ቀርቦ ስለ ቀረጻው መመስከር ነበረበት።

እንግዲህ እነዚህን ፊልሞች ሲያዩ ለእያንዳንዱ ምስል ጥያቄ ያቅርቡ። ካሜራውን የያዘው ማን ነው? ለማን ብሎ ቀረጸው? ከመቆረጡ በፊትና በኋላ ምን ነበረ? የሚናገረው ሰው በዓይኑ ያየውን ነው ወይስ የሰማውን? መጀመር ከፈለጉ በአለን ሬኔ «ሌሊትና ጭጋግ» ይጀምሩ፤ 32 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ «ሾአ»ን ከፋፍለው ይዩት። የመጀመሪያው የማኅደር ምስሎችን በብዛት ይጠቀማል፤ ሁለተኛው አንዱንም አይጠቀምም። ሁለቱን አከታትለው ሲያዩ ልዩነቱ ራሱ ብዙ ያስተምርዎታል።

ይህን ሁሉ መጠየቅ ሟቾቹን መጠራጠር አይደለም። ዘር ማጥፋትን የሚክዱ ሰዎች የሚሸሸጉት ምስል በጎደለበትና ምስል ያለ ማብራሪያ በቀረበበት ክፍተት ውስጥ ነው። እውነቱን በምን መንገድ እንዳወቀው ያሳየ ፊልም ግን ያንን ክፍተት ራሱ ቀድሞ ስለሚናገር ለካጁ መሸሸጊያ አይተውለትም። እርስዎም ያንን መንገድ ተከትለው ከሄዱ፣ ያዩትን ለሌላ ሰው ሲነግሩ ከነማስረጃው መንገር ይችላሉ።