«ሲን» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

በዚህ ዓመት መጽሔታችን ለክፍል ጓደኞቼ ይጠቅማል ብዬ ስላሰብሁት አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ቃል ጥቂት እጽፋለሁ። ቃሉ «ሲን» ነው። የመጀመሪያው ድምፅ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚነገር ስለ ሆነ በፊደላችን በትክክል አይጻፍም፤ የተሻለ ባላገኝ እንዲሁ ጻፍሁት።

ብዙዎቻችን የቃሉን ትርጉም «ቀጭን» ብለን ይዘናል። እውነት ነው፤ ግን ሙሉ አይደለም። እንግሊዞች በአንድ ቃል የሚሉትን እኛ በብዙ ቃል እንለየዋለን። ገመድና በትር ሲሆን ቀጭን እንላለን። ወረቀት፥ ነጠላ ወይም እንጀራ ሲሆን ግን ስስ እንላለን። ውሃ የበዛበት ወጥ ቀጠነ ይባላል፤ የራስ ጠጕር ሳሳ ይባላል። ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሲን ነው። አየር እንኳ ሲን ይባላል፤ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍ ባለው በራስ ደጀን ላይ የወጣ ሰው ቶሎ ቶሎ የሚተነፍሰው አየሩ ስስ ስለ ሆነ ነው።

ቃሉ ግሥም ይሆናል። በመተማ ቆላ የምናውቀው ሰሊጥ ተጠጋግቶ ሲበቅል ከመካከሉ እየነቀሉ ማሳሳት በእንግሊዝኛ «ሲኒንግ» ይባላል። ሲወዳደር «ሲነር»፥ ከሁሉ ሲበልጥ «ሲነስት» ይሆናል፤ ሲጻፍም የ«ን» ፊደል ሁለት ጊዜ መደገሙን አትርሱ።

ስለ ሰው ሲነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ስሊም» ምስጋና ነው፤ ሸንቃጣ እንደ ማለት ነው። «ስኪኒ» ከሲታ እንደ ማለት ስለ ሆነ ሰውን ያስቀይማል። «ሊን» ስብ የሌለበት ጠንካራ ሰውነት፥ ስለ ሥጋም ሲሆን ጮማ የሌለው ማለት ነው። ሲን በመካከል ይቆማል።

ይህን ልዩነት የተማርሁት በክፍል ውስጥ አይደለም። አምና በጥር ወር፥ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ ወርዶ በሰፈራችን የቀረ አንድ ጐልማሳ ታሞ ወደ ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድሁ። የዚያን ቀን ሐኪም እንግዳ ሆኖ ዐማርኛ አያውቅም ነበርና እኔ አስተርጓሚ ሆንሁ። ሰውየው «ወንድሜ፥ ከሳሁ በልልኝ፤ ሱሪዬ ከወገቤ አልቆም አለ» አለኝ። እኔም በእንግሊዝኛዬ ተመክቼ «ስሊም ነው» አልሁ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ስለ ትኵሳቱ ብቻ ጻፈ። ነርሷ ግን ከሌላ ክፍል ስትገባ ሰማችኝና «ከሳሁ አለ እንጂ ሸንቃጣ ነኝ አላለም!» ብላ ገሠጸችኝ። አፍሬ፥ ከሁለት ወር ወዲህ ክብደቱ እንደ ቀነሰ ነገርሁት። ሐኪሙ ወዲያው ተነሥቶ የግራ ጐኑን ቢዳስስ ጣፊያው አብጦ አገኘው። ደሙም ሲመረመር በሽታው ካላዛር ሆነ።

ካላዛር በቆላችን የታወቀ በሽታ ነው። ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ በሌሊት ስትነክስ ታስተላልፈዋለች። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኵሳት፥ ክሳትና የጣፊያ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። ያ ሰውም መርፌውን ጨርሶ በደኅና ወደ አገሩ ገባ።

እንግዲህ ጓደኞቼ፥ «ቀጭን ነው» ማለት ተፈጥሮ ነው፤ «ከሳ» ማለት ግን ለውጥ ነው። የመጀመሪያው በእንግሊዝኛ «ሂ ኢዝ ሲን»፥ ሁለተኛው «ሂ ሃዝ ሎስት ዌይት» ይባላል። ስንተረጕም ተናጋሪው ሊል የፈለገውን አስቀድመን እንጠይቅ። ወላጆቻችንም ትኵሳት ይዞት የሚከሳ ሰው ሲያዩ «ንዳድ ነው፥ ይለቀዋል» ብለው ሳያልፉ በቶሎ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት እለምናለሁ።