ምግብ የሰውነት ማገዶ ነው

በየቤቱ ስንዞር፣ «ልጄ አጥሚቱን ጠጥቶ ይጠግባል፤ ግን ይከሳል» ስትሉ እንሰማለን። ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ምድጃ ያለ ማገዶ እንደማይነድ ሁሉ፣ ሰውነትም ያለ ምግብ አይሞቅም፤ አይሠራም። እንጀራና ድንች ሆድ ውስጥ ተፈጭተው ስኳር ይሆናሉ። ደም ስኳሩን ወደ መላው አካል ያደርሳል፤ እዚያም በምንተነፍሰው አየር ተቃጥሎ ኃይል ይሰጣል። ይህ እንደ ጭራሮ ቶሎ ያልቃል። ቅቤና ዘይት ግን እንደ ፍልጥ ናቸው። የምግብ ኃይል በካሎሪ ይለካል፤ 1 ግራም ስኳር 4፣ 1 ግራም ስብ ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል።

ሕፃን ማገዶ ሲያንሰው ሰውነቱ ያጠራቀመውን ስብ፣ ብሎም የገዛ ሥጋውን ያነዳል። ክሳቱ ከዚህ ይመጣል። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ቀጭን አጥሚት በውሃ ይሞላዋል እንጂ አያጠግበውም።

ስለዚህ ልጁ 6 ወር ሲሞላው፣ ጡት ሳታቋርጡ፣ የሽምብራ ዱቄት የገባበት ወፈር ያለ ገንፎ ስጡት። አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ ወይም የኑግ ዘይት ጨምሩበት። ከማብላታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ተቅማጥ ከበላው ከፊሉን ይዞበት ይሄዳልና። ቢታመምም ምግብ አትከልክሉት፤ ያን ጊዜ ማገዶው ይበልጥ ያስፈልገዋል።