በወረርሽኝ ወቅት መድኃኒትንና አልኮልን በጥንቃቄ መጠቀም

በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ወቅት ለሰዎች ጉዳት መንስኤ የሆነው ቫይረሱ ብቻ አልነበረም። ፈዋሽነቱ ያልተረጋገጠ መድኃኒት በገዛ ፈቃድ መውሰድና አልኮልን እንደ መከላከያ መጠጣትም ሰዎችን ለከፋ አደጋ ዳርጓል። ይህ ክፍል የጉዳቱን መንስኤና ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል።

1. "ወስዶ ዳነ" ለምን ማስረጃ አይሆንም?

በኮቪድ-19 ከሚያዙ ሰዎች አብዛኞቹ ያለ ልዩ መድኃኒት ያገግማሉ። በመሆኑም አንድ ሕመምተኛ ክኒን ወይም ቅጠል ወስዶ ቢሻለው፣ ያዳነው የወሰደው ነገር ይሁን የገዛ ሰውነቱ የመከላከል አቅም ከዚህ ብቻ ተነስቶ ማወቅ አይቻልም። ተመራማሪዎች ይህንን የሚለዩት ሕሙማንን በዕጣ በቡድን መድበው፣ ለአንደኛው ቡድን መድኃኒቱን ከተለመደው ሕክምና ጋር፣ ለሌላው የተለመደውን ሕክምና ብቻ በመስጠትና ውጤቱን በማነጻጸር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 በብሪታንያ የተጀመረው "ሪከቨሪ" የተሰኘ ጥናት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን ከተመደበላቸው 1,561 ሆስፒታል የተኙ ሕሙማን 27 በመቶ፣ ካልተመደበላቸው 3,155 ሕሙማን ደግሞ 25 በመቶ በ28 ቀናት ውስጥ ሕይወታቸው አልፏል። መድኃኒቱ ሞትን እንዳልቀነሰ በዚህ ታወቀ። በዚሁ ጥናት ዴክሳሜታሶን በመተንፈሻ አጋዥ መሣሪያ ይረዱ በነበሩ ሕሙማን ላይ ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ ቀንሷል፤ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ሕሙማን ግን ጥቅም አልታየበትም። ስለዚህ በጽኑ የታመመውን ያዳነ መድኃኒት ቀላል ሕመም ላለበት ሰው አይታዘዝም።

2. መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ

ክሎሮኩዊን ከመጠን በላይ ሲወሰድ የልብ ምትን ያዛባል፤ ሊገድልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በናይጄሪያ ሌጎስ ከተማ በዚህ መድኃኒት የተመረዙ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል። በአገራችን ክሎሮኩዊን በፕላዝሞዲየም ቫይቫክስ ለሚመጣ ወባ ሕክምና ይውላል። በመሆኑም አንዱ ቤተሰብ "ለክፉ ቀን" ብሎ ሲያከማች፣ በእርግጥ የሚያስፈልገው የወባ ሕመምተኛ ያጣዋል። አንቲባዮቲክም ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይገድልም፤ ያለ አግባብ ሲወሰድ ተሕዋስያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋል።

3. አልኮልና ትንባሆ

አልኮል በእጅ ላይ ያለን ቫይረስ ቢገድልም፣ ሲጠጣ ሰውነት ውስጥ የገባን ቫይረስ አይገድልም፤ ይልቁንም የመከላከል አቅምን ያዳክማል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኢራን አልኮል ከኮቪድ-19 ይከላከላል በሚል ወሬ ሜታኖል ያለበት መጠጥ የጠጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። ሜታኖል ከተለመደው አልኮል በመልክም ሆነ በሽታ ለመለየት ያስቸግራል። ጉበት ወደ ፎርሚክ አሲድ ሲለውጠው የዓይን ነርቭን ይጎዳል፤ ሰውን ለዕውርነትና ለሞት ይዳርጋል። ምልክቱ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሊታይ ስለሚችል "ምንም አልሆንኩም" ብሎ መዘናጋት አይገባም። ሲጋራና ሺሻም ሳንባን ይጎዳሉ፤ የሺሻ ቱቦን መቀባበል ደግሞ በሽታን ያስተላልፋል።

4. ሊደረጉ የሚገባቸው ጥንቃቄዎች

• ለሌላ ሰው የታዘዘን ወይም ከቀድሞ ሕመም የተረፈን መድኃኒት አለመውሰድ፤
• ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ሚሊግራም ክኒኖች፣ እንዳይበልጥ መጠንቀቅ፤ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ሊኖራቸው ስለሚችል አብሮ መቁጠር፤
• የጉበት ሕመም ያለበት ወይም አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ሰው ፓራሲታሞል ከመውሰዱ በፊት ባለሙያ እንዲያማክር ማድረግ፤
• ሳኒታይዘርን በምግብና በመጠጥ ዕቃ አለመገልበጥ፣ ሕፃናት ከማይደርሱበት ማስቀመጥ፤
• ከጠጣ በኋላ የማየት ብዥታ፣ ብርቱ የሆድ ሕመም ወይም የመተንፈስ ችግር የገጠመውን ሰው ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፤
• መድኃኒት ያስከተለውን ጉዳት ለጤና ባለሙያ ወይም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ።

እያንዳንዱ ጥቆማ ባለሙያዎች የመድኃኒቱን አደጋ አጣርተው ሌሎች ሰዎች እንዳይጎዱ ለማድረግ ይረዳል።