ቆጭቆጫ፦ የእርጥብ ቃሪያ ማባያ አዘገጃጀትና የአሠራሩ ታሪክ

በጨለለቂም ሆነ በሌሎቹ የነቀምቴ ሰፈሮች፣ ጩምቦ ወይም አንጮቴ በሚቀርብበት ገበታ ቆጭቆጫ አብሮ ይቀርባል። ቆጭቆጫ እርጥብ ቃሪያ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከጓሮ ቅጠላ ቅጠል ጋር ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ማባያ ነው። በሌላው የአገራችን ክፍል ተመሳሳዩ ዳጣ ይባላል።

ዛሬ የማባያው ዋና አካል የሆነው በርበሬ ለአገራችን እንግዳ ተክል ነው። መገኛው አሜሪካ ሲሆን፣ ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 ወደዚያ ከደረሰ በኋላ በ16ኛው መቶ ዓመት የፖርቱጋል መርከበኞች ወደ አፍሪካና ወደ ሕንድ አዳርሰውታል። ከዚያ በፊት የወጡ ማቃጠያ ዝንጅብል፣ ጥምዝና ቁንዶ በርበሬ ነበር። ኮረሪማ ግን የራሳችን የደቡብ ምዕራብ ደን ተክል ነው። እንግዳው በርበሬ ነባሮቹን ቅመሞች ሳያስወጣ ተቀላቀለ ማለት ይቻላል። በሜክሲኮም ሕዝቡ ቃሪያን ከቲማቲም ጋር በድንጋይ ላይ መፍጨት የጀመረው ስፔናውያን ከመድረሳቸው በፊት ነው። መነኩሴው በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን በ16ኛው መቶ ዓመት የገበያውን የቃሪያ ማባያ ሻጮች በጽሑፍ ስላሠፈረ ታሪኩ ሊታወቅ ችሏል።

የእኛ አሠራር ግን ከእናት ወደ ልጅ በዓይንና በእጅ ሲተላለፍ ኖሯል። የጨው ልክ ሲጠየቅ መልሱ «በመጠኑ» ነው። ይህ መልስ ባለሙያዋ አጠገብ ቆማ ስታሳይ ይበቃል፤ ልጅቱ ከአዲስ አበባ በስልክ ስትጠይቅ ግን አይበቃም። ስለዚህ ልኩን በግራም አስቀምጠናል።

ለአንድ ጊዜ ዝግጅት ግማሽ ኪሎ ግራም ቃሪያ፣ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል፣ አንድ እፍኝ በሶብላ፣ አንድ እፍኝ የድንብላል ቅጠል፣ ጥቂት የጤና አዳም ቀንበጥ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈለፈለ ኮረሪማ፣ 40 ግራም ጨውና የሦስት ሎሚ ጭማቂ ያስፈልጋል። ጤና አዳም ሲበዛ ማኅፀንን ስለሚያውክ ነፍሰ ጡር ለምትመገበው ባይገባ ይሻላል።

«ማረቆ ፋና» እና «ባኮ ሎካል» የተባሉት ዝርያዎች በብዛት የሚታወቁት በደረቅ በርበሬነታቸው ቢሆንም፣ ፍሬያቸው ከመቅላቱ በፊት ለዚህ ሥራ ይውላል። የተበሳ ወይም ጫፉ የበሰበሰ ፍሬ ይወገድ። ቃሪያውና ቅጠሉ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በወንፊት ላይ ይንጠፈጠፋል፤ ላዩ ላይ ውኃ ከቀረ ማባያው ይቀጥናል፣ ቶሎም ይበላሻል። የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር ካፕሳይሲን በብዛት የሚገኘው ፍሬው በተያያዘበት ነጭ ሥጋ ውስጥ ነው። ለልጆች ማለስለስ የፈለገ ዘሩን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ያውጣ። ካፕሳይሲን በውኃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ቆጭቆጫ ከቅቤና ከአይብ ጋር ሲበላ የሚለዝበው ለዚህ ነው። እጅ ሲያቃጥልም አስቀድሞ ዘይት መቀባት፣ ቀጥሎ በሳሙና መታጠብ ይረዳል።

መጀመሪያ ጨው፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በወፍጮው ድንጋይ ላይ በመጅ ይላማሉ፤ ከዚያ ቃሪያው፣ በመጨረሻም ቅጠሉ ይጨመራል። ቅጠሉ ቀድሞ ከገባ ይጠቁራል፣ ሽታውም ይጠፋል። ሎሚው ሲያበቃ ይጨመቅበታል። በመፍጫ ማሽን መሥራትም ይቻላል፤ ድንጋዩ ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ የተሻለ ጣዕም ይሰጣል።

ብዙ ቤት የሚሳሳተው በአቀማመጡ ነው። አዋዜ የሚሠራው ከደረቅ በርበሬ ስለሆነ ብዙ ይቆያል፤ የእርጥቡ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። በተለይ አየር እንዳይገባው ተብሎ ዘይት አፍስሶበት ጓዳ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያስከትለውን መርዝ የሚያመነጨው ባክቴሪያ ከአፈር ጋር በነጭ ሽንኩርትና በቅጠል ላይ ይገኛል፣ የሚያድገውም አየር በሌለበት ነው። መርዙ ሽታም ቀለምም ላያሳይ ይችላል፣ ሰውንም ይገድላል። ከላይ የተመለከተው ጨውና ሎሚ ብልሽትን ያዘገያል እንጂ ይህን አደጋ ሙሉ በሙሉ አይከላከልም። ስለሆነም ማቀዝቀዣ ያለው በአንድ ሳምንት ውስጥ ይጨርሰው፤ የሌለው የዕለቱን ብቻ ይሥራ። በፍሪዘር ውስጥ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ ለወራት ይቆያል።

ለሩቅ ዘመድ በጠርሙስ ሞልቶ በአውቶቡስ መላክም ይቅር። የደረቀውን በሶብላና ኮረሪማውን ከልኩ ጽሑፍ ጋር ልኮ፣ ቃሪያውንና ነጭ ሽንኩርቱን እዚያው ገዝተው እንዲፈጩ ማድረግ ይሻላል።