የበር ሲሊንደር ሲቀየር፦ ከልኬት እስከ ሙከራ

አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ አንድ ቤት ተከራይ ሲቀይር ግድግዳው ይቀባል፣ ቧንቧው ይታያል፣ ቆጣሪው ይነበባል። የወጣው ተከራይ ግን ስንት ቁልፍ አስቀርፆ ለማን ለማን እንደሰጠ የሚጠይቅ ብዙ አይገኝም። ቤቱን በዕጣ ተረክቦ የገባ ባለቤትም ያው ነው። የቀለም፣ የሴራሚክና የኤሌክትሪክ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ቁልፉ በብዙ እጅ ያልፋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ቁልፉን መንቀል አያስፈልግም። ቁልፍ የሚገባበት ክፍል ከላይ ክብ፣ ከታች ቀጠን ብሎ የወረደ ከሆነ ሲሊንደሩ ለብቻው ወጥቶ ይቀየራል። ሥራው አንድ ባለመስቀል ካቻቢቴና ሜትር ይበቃዋል።

ሲሊንደሩን የሚቀይረው ተከራይ ከሆነ አስቀድሞ ከአከራዩ ጋር መነጋገር አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ስለሚያዝ፣ ውሉ ሲጀመር የተቀየረ ሲሊንደር ወጪው አያስቆጭም። ወጪውን ማን እንደሚሸፍንና ትርፍ ቁልፉ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ቢሰፍር ለሁለቱም ይበጃል።

1. መለካት

በሩ ተከፍቶ ጠርዙ ሲታይ፣ በሲሊንደሩ ትክክል የአንድ ረጅም ብሎን ራስ አለ። ልኬቱ የሚጀምረው ከዚህ ብሎን መሃል ነው፤ አንዱ እስከ ውጭው ጫፍ፣ ሌላው እስከ ውስጠኛው ጫፍ። ወደ ውጭ 30፣ ወደ ውስጥ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሲሊንደሩ 30/40 ይባላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የ30/40 እና የ35/35 ጠቅላላ ርዝመት እኩል 70 ነው። ሱቅ ገብቶ «የ70 ስጠኝ» ያለ ሰው 35/35 ይዞ ሊመለስ ይችላል። ያ ሲሊንደር በሩ ላይ ሲገጠም 5 ሚሊ ወደ ውጭ ያፈነግጣል። ሌባ የሚፈልገው ይህንኑ ትርፍ ነው። በፒንሳ ይዞ ሲያጣምመው ሲሊንደሩ ብሎኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ይሰበራል፤ ስስ ቦታው እሱ ነውና። የውጭው ጫፍ ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ በላይ መውጣት የለበትም።

2. መምረጥ

በሲሊንደሩ ውስጥ በሞላ የሚገፉ ትንንሽ ፒኖች አሉ። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ፒኖቹ በአንድ መስመር ይሰለፉና ይዞራል። ፒኑ በበዛ ቁጥር ያለ ቁልፍ መክፈት ይከብዳል፤ ስለዚህ ከባለ 5 ፒን ባለ 6 ይመረጣል። ለመሰበርና ለመሰርሰር የተጠናከረ መሆኑም ይጠየቃል። ማሸጊያው ላይ የአውሮፓው ደረጃ ኢኤን 1303 የተጻፈበት ቢገኝ መልካም ነው። ማሸጊያው የተከፈተ ሲሊንደር ግን አይገዛም፤ ቁልፉ ቀድሞ ተቀርፆ ሊሆን ይችላል።

ልጆች ላሉበት ቤት ከውስጥ በእጅ የሚዞር ጉጥ ያለው ይመቻል። እሳት ቢነሳ ቁልፍ ፍለጋ አይኬድም። በሩ ከጎኑ መስታወት ካለው ግን መስታወቱን ሰብሮ እጁን የሰደደ ሰው ጉጡን ሊያዞረው ይችላል።

3. አሮጌውን ማውጣት

በሩ ክፍት፣ ምላሱ ወደ ውስጥ የተመለሰ ይሁን። የጠርዙ ብሎን ተፈትቶ ይወጣል። ከዚያ ቁልፉ ገብቶ በጥቂቱ ይዞራል፤ መሃል ላይ ያለው ክንፍ ከሲሊንደሩ አካል ጋር ሲስተካከል ሲሊንደሩ ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል። እንቢ ካለ በመዶሻ አይመታም፤ ቁልፉን ወዲህና ወዲያ እያዞሩ ክንፉን መፈለግ ነው።

4. አዲሱን መግጠም

አዲሱም ክንፉ እንደዚያው ተስተካክሎ ይገባል። ብሎኑ በመጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በካቻቢቴ ይጠብቃል። በድሪል ማጥበቅ ጥርሱን ይበላል፤ ከልክ በላይ ከጠበቀም ቁልፉ መዞር ያቅተዋል።

5. መሞከር

በሩ ሳይዘጋ ሁሉም ቁልፎች አንድ በአንድ ከውስጥም ከውጭም ይሞከራሉ። ቀድሞ የዘጋ ሰው ደጅ ሊቀር ይችላል። በሩ ክፍት ሆኖ በቀላሉ የሚዞር ቁልፍ ሲዘጋ የሚከብድ ከሆነ ጥፋቱ የሲሊንደሩ አይደለም። የላሜራ በር በማጠፊያው በኩል ዝቅ ሲል ምላሱ ከፍሬሙ ቀዳዳ ጋር አይገናኝም። ያን ጊዜ ቀዳዳው በሞረድ ይሰፋል ወይም ማጠፊያው በብየዳ ባለሙያ ይስተካከላል።

ቁልፍ ሲከብድ የምግብ ዘይት ማፍሰስ የተለመደ ነው፤ ዘይት ግን አቧራ ይሰበስብና ፒኖቹን ያጣብቃል። በምትኩ የቁልፉን ጥርሶች በእርሳስ አሽቶ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ይሻላል፤ የእርሳሱ ግራፋይት ያለሰልሰዋል። ከተገጠመ ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላም የጠርዙ ብሎን ላልቶ እንደሆነ ታይቶ በድጋሚ ይጠብቃል።