ውኃ ማፍላትና ፍሎራይድ

በአዳማ፣ በወንጂና በዝዋይ (ባቱ) አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ ሰዎችን ማየት የተለመደ ነው። ዋነኛው ምክንያት ከእሳተ ገሞራ ድንጋዮች እየሟሟ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ የሚገባው ፍሎራይድ ሲሆን፣ መጠኑ ከፍ ባለበት ለብዙ ዓመታት የጠጣ ሰው አጥንቱም ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የመከረው ወሰን በ1 ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። በስምጥ ሸለቆ ከዚህ በብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ይህን ቁጥር ማንበብ ለማይችሉ አዋቂዎች እንዴት እናስረዳ? «ውኃ አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለውን ምክር እነርሱም በሚገባ ያውቁታል፤ ችግሩም ከዚሁ ይጀምራል። ጀርም በሙቀት ይሞታል፤ ፍሎራይድ ግን ሕይወት የለውም፣ ከውኃው ጋርም አይተንም።

እንግዲህ ሚሊግራሙን ትተን ወደ ማጀት እንግባ። ጨው የበዛበት ወጥ እሳት ላይ ቢቆይ ጨዉ ይቀንሳልን? መልሱን እናቶች ከእኛ ቀድመው ይሰጡናል። 2 ሊትር ውኃ ፈልቶ 1 ሊትር ቢቀር የፍሎራይዱ ክምችት እጥፍ ይሆናል (በቤት ውስጥ ይህን ያህል የሚያተን ባይኖርም)።

ከዚያ «ገባዎት?» ብለን ብንጠይቅ፣ ባይገባቸውም በይሉኝታ «አዎ» ይሉናል። «ለጎረቤትዎ እንዴት አድርገው ይነግሯቸዋል?» ማለት ይሻላል። «ማፍላት ከንቱ ነው» ብለው ከነገሩን ያስረዳነው እኛ አንዱን በሽታ ሸሽተን ሌላውን ጠርተናል። የዝናብ ውኃ ፍሎራይዱ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ በተለይ ጥርሳቸው ገና በመሠራት ላይ ላለ ሕፃናት ይመረጣል፤ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተጠራቀመ ከሆነ ግን መፍላት አለበት።